«እኔ አይጥ ነኝ እንዴ?»

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ ደወለልኝ። አባቱ መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የአጥንት መቅኒ ካንሰር እንዳለባቸው በቅርቡ ታውቋል። ሐኪሞቹ «መድኃኒቶች ተጣምረው የሚፈተኑበት ጥናት አለ፣ ይሳተፋሉ?» ሲሏቸው «እኔ አይጥ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ልጁ «ቲቸር፣ እስቲ አንተ አናግርልኝ፤ የመምህር ቃል ያከብራሉ» አለኝ።

ለጋሼ ያልኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

እንዲህ ባለው ጥናት በሽተኛው ያለ ሕክምና አይተውም። አንዱ ቡድን የተለመደውን ሕክምና ያገኛል፤ ለሌላው በዚያ ላይ አዲስ ይጨመርለታል። ማን የት እንደሚገባ የሚለየው ዕጣ ነው። ሐኪሙ ጠንካሮቹን መርጦ ወደ አንድ ወገን ቢያደርግ፣ የረዳቸው መድኃኒቱ ይሁን ጉልበታቸው በምን ይታወቃል?

ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በተጀመረ ጥናት ከ500 በላይ አዲስ ታማሚዎች ገቡ። ለአንዱ ቡድን ሌናሊዶማይድና ዴክሳሜታዞን ተሰጠ፤ ለሌላው ቦርቴዞሚብ ተጨመረ። ሁለቱን ብቻ ከወሰዱት የግማሾቹ በሽታ በ30 ወር ውስጥ ሲያገረሽ፣ ሦስቱን ለወሰዱት ይህ ጊዜ ወደ 43 ወር ረዘመ። ዕድሜም ጨመረ። ጉዳትም አለው፤ ሦስቱን የወሰዱት ላይ የነርቭ ችግር በዝቷል። ይህንንም ያወቅነው እኮ ስለተፈተነ ነው!

ደግሞ ሌናሊዶማይድ የተሠራው ከታሊዶማይድ ነው። ታሊዶማይድን ታስታውሱ ይሆናል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በቅጡ ሳይፈተን ለነፍሰ ጡሮች ተሰጥቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ያኔ ሰው ላይ ያ ሁሉ መከራ የመጣው መድኃኒቱ ሳይሞከር በመሸጡ ነው። በኋላ ግን በጥንቃቄ ሲፈተን ለዚሁ ካንሰር መድኃኒት ሆኖ ተገኘ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ይህ በሽታ ጥቁሮችን ከነጮች በእጥፍ ያህል ያጠቃል። ጥናቶቹ ውስጥ ግን የጥቁሮች ቁጥር አነስተኛ ነው። እኛ ከቀረን መድኃኒቱ ለእኛ ሰውነት እንዴት እንደሚሆን ማን ይነግረናል?

ጋሼን «ግቡ» አላልኳቸውም፤ ውሳኔው የራሳቸው ነው። «ምን ይጨመርልኛል? ጉዳቱ ምንድን ነው? ካልተስማማኝስ መውጣት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ አልኳቸው። የመጨረሻውን መልስ እኔው ነገርኳቸው፤ በፈለጉ ጊዜ መውጣት መብታቸው ነው።

ትንሽ ዝም ብለው «እስቲ ወረቀቱን በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው ይፈልጉልኝ» አሉ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በጸሎታችሁ አስቧቸው።