ያረጀውን የጄት ስኪ ፕላስቲክ ስለ ማደስና ቀለም ስለ መቀባት

ሰው ያረጀ ዕቃ ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ዘመኑ አልፏል ብሎ ይጥለዋል፤ ወይ ላይ ላዩን በአዲስ ቀለም ሸፍኖ እንደ አዲስ ይቈጥረዋል። ሁለቱም የችኮላ ሥራ ነው። ሦስተኛው መንገድ ግን ዕቃውን መርምሮ፤ ባሕርዩን ዐውቆ፤ የሚድነውን ማዳን፤ የማይድነውንም መለወጥ ነው። ለዚህ ነገር ዛሬ ምሳሌ አድርገን የምናቀርበው ጄት ስኪ የሚባለውን የውሃ ላይ መኪና ነው።

ጄት ስኪ ጥቂት ሰው ተሸክሞ በባሕርና በሐይቅ ላይ የሚሮጥ ትንሽ የሞተር ታንኳ ነው። ሞተሩ ከበታቹ ውሃ እየሳበ በስተኋላ በኀይል ስለሚተፋ፤ ታንኳው ወደ ፊት ይገፋል። አሳቡን ያመነጨው ክሌይተን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነው። የካናዳው የቦምባርዲየር ኩባንያ በ1968 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲዱ የተባለውን ለገበያ አወጣ፤ ጥቂት ዓመት ቈይቶም የጃፓኑ የካዋሳኪ ኩባንያ ነጂው ቆሞ የሚነዳውን ሠርቶ ጄት ስኪ ብሎ ሰየመው። ይህም የአንድ ኩባንያ ስም ሲሆን፤ ዛሬ ሕዝቡ ለዓይነቱ ሁሉ ይጠራበታል። ከእነዚያ ከመጀመሪያዎቹ የተረፉት አሁን ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ ስለ ሆነ፤ በአሜሪካና በሌላም አገር አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች እየፈለጉ ይገዟቸዋል፤ ከልጆቻቸውም ጋራ በየጓሮአቸው ያድሷቸዋል።

እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ያለ ጄት ስኪ ሲታይ ፕላስቲኩ ነጣ ብሎ፤ በጣት ሲነኩት እንደ ኖራ ዱቄት ይለቃል። ይህን የሚያደርገው በተለይ ፀሐይ ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር፤ ፕላስቲኩ የተሠራበትን ረጅም ሰንሰለት ጥቂት በጥቂት ይበጣጥሰዋል። ላዩ ከተበጣጠሰ በኋላ መልኩ ይጠፋል፤ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዚያ በሞተው ገጽ ላይ የሚቀባ ቀለም የሚይዘው አቧራውን ነው እንጂ ፕላስቲኩን አይደለም።

ነገር ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። የታንኳው ዋና አካል አብዛኛውን ጊዜ ፋይበርግላስ የሚባለው፤ በመስታወት ክርና በሙጫ የተሠራ ነው። ትንንሾቹ ክፍሎች ግን አንዳንዱ ከኤቢኤስ፤ አንዳንዱ ከፖሊኤቲሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው። በየቤታችን ውሃ የምንቀዳበት ቢጫው ጀሪካን ከፖሊኤቲሊን ወገን ነው። በጀሪካን ላይ ስሙን በቀለም የጻፈ ሰው ጽሕፈቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዴት እንደሚላጥ ያውቃል። ይህ የቀለሙ ጥፋት አይደለም፤ የዕቃው ገጽ እንደ ሰም የለዘበ ስለ ሆነ ማናቸውንም ነገር በቀላሉ አይቀበልም።

ዓይነቱን ለመለየት አስቀድሞ የክፍሉን ውስጠኛ ገጽ ማየት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የፕላስቲኩ ስም በምልክት ተቀርጾ ይገኛል። ምልክት የሌለው እንደ ሆነ ከማይታየው ወገን በስለት ጥቂት ፍቆ፤ ቅራፊውን አንድ ጠብታ ሳሙና በገባበት ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ነው። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፤ ኤቢኤስ ግን ከውሃ ጥቂት ስለሚከብድ ይሰጥማል። ሳሙናው የሚገባው ቅራፊው በአየር አረፋ ተይዞ እንዳያታልለን ነው። ፋብሪካው ሌላ ነገር የቀላቀለበት ፕላስቲክ ከዚህ ሕግ ሊወጣ ስለሚችል፤ ምልክት ከተገኘ ምልክቱን ማመን ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ዕጥበት ይከተላል። አስቀድሞ በለብታ ውሃና በሳሙና፤ ቀጥሎም ቅባት በሚያስለቅቅ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ማጠብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፕላስቲኩን እንዲያበራ ሲሊኮን ያለበትን ቅባት ሲቀባው ስለሚኖር፤ ሳይታጠብ የተፋቀ እንደ ሆነ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገባና በላዩ የተረጨው ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን እየተከፈተ ይሸሻል። ከታጠበ በኋላ በየብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ ሻካራውን በ180 ወይም በ240 ቍጥር ጀምሮ በ320 ማስተካከል፤ በመጨረሻም በ400 በውሃ እያራሱ ማለስለስ ነው። የብራና ሥራ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ ቆዳው ተወጥሮ ካልተፋቀና ካልለሰለሰ ጸሓፊው ብዕሩን አያነሣም።

ስንጥቅ የተገኘ እንደ ሆነ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ወደ ፊት እንዳይሄድ ያቆመዋል። ኤቢኤስ ከሆነ የዚያኑ ፕላስቲክ ቅራፊ በአሴቶን አሟሙቶ እንደ ሊጥ ሲሆን በስንጥቁ መሙላት ይቻላል፤ ደርቆ ሲፈተግም ከአካሉ ጋራ አንድ ይሆናል። ፖሊኤቲሊን ግን በአሴቶን አይሟሟም፤ ተራ ሙጫም አይዘውም፤ በዚያው በዓይነቱ ዘንግ በሙቀት መበየድ ይጠግነዋል። ፋይበርግላስም የራሱ ጨርቅና ሙጫ አለው። በስንጥቅ ላይ ስቱኮ ለጥፎ በቀለም መሸፈን መጠገን አይባልም።

ቀለሙን በተመለከተ፤ ለኤቢኤስ የፕላስቲክ ፕራይመር ይበቃዋል። ለፖሊኤቲሊንና ለፖሊፕሮፒሊን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ለእነርሱ የተዘጋጀውን ማያያዣ ቅብ በስሱ መርጨት፤ በጣሳው ላይ በተጻፈው ጊዜ ውስጥም ቀለሙን ማስከተል ግድ ነው። ቀለሙ አንድ ጊዜ ወፍራም ከሚሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ ይሁን፤ በመጨረሻም ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ማብረቂያ ይደረብበታል። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን መደረብ ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በማይታይ ስፍራ በስለት ጥቂት መስመር ሰያፍና አግድም ጭሮ፤ ፕላስተር ለጥፎ በፍጥነት ማንሣት ነው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋራ ካልመጣ ሥራው ጸንቷል።

ለቤተ ሰብ አባት ሁሉ ከዚህ በላይ የምናሳስበው የጤናን ነገር ነው። ከማጠንከሪያ ጋራ የሚቀላቀሉት ብርቱ ቀለሞች አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለባቸው፤ ይህም በትንፋሽ የገባበትን ሰው ዕድሜ ልኩን የማይለቅ የአስም በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ሽታው አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ የአቧራ ጭምብልም አይከለክለውም። እንዲህ ያለው ሥራ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይተው። በቤቱ የሚሠራ ሰው ማጠንከሪያ የማይፈልገውን ቀለም መርጦ፤ በጣሳው ላይ የታዘዘውን ጭምብልና ጓንት አድርጎ፤ ነፋስ በሚገባበት በደጅ ይሥራ፤ ልጆችንም ያርቅ። የአሴቶን ትነት በጥቂት ብልጭታ ስለሚቀጣጠል እሳትና ሲጋራ በአጠገቡ አይኑር። የፋይበርግላስም አቧራ ሳንባንና ቆዳን ስለሚጐዳ በውሃ እያራሱ መፈተግ ይገባል።

ደግሞ ቀለም የማይነካቸው ነገሮች አሉ። የተሰነጠቀ የቤንዚን ማጠራቀሚያ በሙጫ አይጠገንም፤ ይለወጣል። የቤንዚን ቱቦና ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የክዳኑ ጎማ አይቀቡም፤ ከደረቁ ይለወጣሉ። ነጂው በወደቀ ጊዜ ሞተሩን የሚያጠፋው የደኅንነት ገመድ ያለው እንደ ሆነም መጋጠሚያው ቀለም ገብቶበት እንዳይጣበቅ መሸፈን አለበት። በአሜሪካ አገር ከ1972 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወዲህ በታንኳ ሁሉ ላይ የሚቀረጸው 12 ፊደልና ቍጥር ያለበት መታወቂያም ከቀለም በታች ሊጠፋ አይገባውም። በአንዳንዱ አሮጌ ጄት ስኪ ሆድ ውስጥ ያለው፤ ታንኳው እንዳይሰጥም የተደረገው አረፋ ደግሞ በዘመን ብዛት ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ይህንም በውጭ ያለ ውበት አያሳየውም።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አሮጌ ወንበር በመልካም ቀለም ተሸፍኖ ቢሰበር የተቀመጠበት ሰው በወለል ላይ ይወድቃል፤ ከዳር ርቆ በሐይቅ መካከል ታንኳው የከዳው ሰው ግን የሚወድቀው በጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚያድስ ሰው በመጀመሪያ ስንጥቁን፤ ማጠራቀሚያውንና ጎማውን ፈጽሞ፤ ቀለሙን የሥራው መጨረሻ ያድርገው። የሚሸጥም ሰው የጠገነውን ስፍራ ለገዢው በግልጥ ያሳይ። የሚገዛም ሰው በማማሩ ሳይደነቅ ክዳኑን አስከፍቶ ውስጡን ይመልከት፤ ታንኳውንም ከፍ አድርጎ ክብደቱን ይፈትን። በዚህ ጥንቃቄ የታደሰ ዕቃ ለአባትም ለልጅም ደስታ ይሆናል፤ ያለዚህ የታደሰ ግን ለልጅ በስጦታ መልክ የተሰጠ አደጋ ነው።