ያገለገለ ፒካፕ ከነጥገና ፋይሉ ይሸጥ

የሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች የሆኑት ሶፊ፣ ኤረርና ድሬ ጥያራ ማንጎ፣ አትክልት፣ ለውዝና ማሽላ ያመርታሉ። ምርቱ አቦከርን የመሳሰሉ የከተማ ወረዳዎች ነዋሪ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ግን ማጓጓዣ ይፈልጋል። ቲማቲም መንገድ ላይ አንድ ቀን ካደረ ዋጋው ይወርዳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ ይጣላል። በመሆኑም ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ አርሶ አደርም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ፒካፕ መግዛትን ቢያስብ የሚደንቅ አይደለም። አዲሱ ከአቅም በላይ ስለሆነ ዓይኑ የሚያርፈው ያገለገለው ላይ ነው። ለሽያጭ ከሚቀርቡት መካከል ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተው በጨረታ የወጡ ይገኙበታል።

ያገለገለ መኪና ርካሽ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ዛሬ ሊፈተሽ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ በመጣሉ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪናም ተፈላጊነቱ ጨምሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በውጭ ገበያ 300 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በቀድሞው ምንዛሬ 17,100 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሲሰላ 30,000 ብር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ቀረጡ፣ መጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው።

ሐረር አሮጌ መኪና በማኖር ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ1960 መመረት የጀመረው ፔዦ 404 በከተማዋ ታክሲ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት መሥራቱ የመካኒኮቿን እጅ ያስመሰክራል። ይሁን እንጂ የፔዦው ሞተር በመፍቻና በጆሮ የሚታከም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጡት የናፍጣ ፒካፖች ሌላ ናቸው። በተለምዶ “ዲ ፎር ዲ” የሚባለው የቶዮታ ሃይሉክስ ሞተር ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ 4 ኖዝሎች አሉት። ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ እነዚህን ኖዝሎች ይበላል። በአንዳንዶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ የኖዝሉ መቀመጫ ማኅተም ሲያፈስ የቃጠሎው ጥቀርሻ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይደፈናል፣ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይቃጠላል። አንዱ ኖዝል ከላይ የተጠቀሰውን 300 ዶላር ያወጣል ቢባል 4ቱን መለወጥ በዚያው ስሌት 120,000 ብር ይጠይቃል።

ሁለተኛው ችግር የታይሚንግ ቺንጋ ነው። ቺንጋ ያላቸው የሃይሉክስና የላንድ ክሩዘር ናፍጣ ሞተሮች እንደየዓይነታቸው ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ቺንጋቸው መለወጥ አለበት። በጊዜው ሲለወጥ የቀን ሥራ ነው። ሥራ ላይ እያለ ሲበጠስ ግን ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ ወጪው በብዙ እጥፍ ያድጋል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ዝቅ ካለው የኤረር ሸለቆ ተነስቶ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሐረር ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና ራዲያተሩ የተደፈነ ወይም የውሃ ፓምፑ የደከመ ከሆነ መፍላቱ አይቀርም። ሲፈላ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ሲደጋገም ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

አራተኛው ችግር ከባለንብረቱ ይመጣል። ሃይሉክስን የመሰለ ፒካፕ እንዲጭን የተሠራው 1,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 10 ኩንታል ገደማ ነው። ባሌስትራ አስጨምሮ 20 ኩንታል የሚጭን ሰው አንድ ምልልስ ያተረፈ ይመስለዋል። ባሌስትራው ይችለው ይሆናል፤ ፍሪሲዮኑ፣ የኋላው ኩሽኔት፣ ሻንሲውና ፍሬኑ ግን አይችሉትም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳ ደግሞ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ አይሆንም።

እነዚህ ብልሽቶች በአብዛኛው ድንገተኛ አይደሉም። ቺንጋው መቼ ተለወጠ? ሞተሩ ስንት ጊዜ ፈላ? ኖዝሎቹ ተፈትሸዋል? ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር ነበር? የእነዚህ ሁሉ መልስ መኪናውን ሲያስተዳድር በነበረው መሥሪያ ቤት የጥገና ፋይል ውስጥ መገኘት ያለበት ነው። በጨረታ የገዛው ሰው ግን ቁልፉንና ሊብሬውን ይረከባል እንጂ የጥገናውን ታሪክ አብሮ የሚሰጠው የለም። የጨረታው ማስታወቂያም መኪናው “ባለበት ሁኔታ” እንደሚሸጥ ይገልጻል። ያለበትን ሁኔታ የሚያውቀው ሻጩ ሲሆን የማያውቀው ገዢው ነው።

መሥሪያ ቤቶች አሮጌ መኪና ሲሸጡ ዋስትና ሊገቡ አይችሉም የሚል መከራከሪያ ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፤ ማንም ዋስትና አልጠየቀም። የተጠየቀው በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጀ መረጃ በሕዝብ ገንዘብ ከተገዛው መኪና ጋር አብሮ እንዲወጣ ነው። ፋይሉ ከታየ የጨረታው ዋጋ ይወርዳል ብለው የሚሰጉም ይኖራሉ። በደንብ ያልተያዘው ዋጋ ይወርድ ይሆናል፤ በደንብ የተያዘው ግን ዛሬ ከተጎሳቆለው ጋር በአንድ ዓይን ከመታየት ድኖ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ከዚህም በላይ ፋይሉ አንድ ቀን በአደባባይ እንደሚነበብ የሚያውቅ የንብረት ክፍል መዝገቡን በየጊዜው ይሞላል፤ መኪናውም በአገልግሎት ዘመኑ ሳለ በአግባቡ ይያዛል። ስለዚህ የወረዳና የክልል መሥሪያ ቤቶች የጥገና መዝገቡን ቅጂ የጨረታ ሰነዱ አካል ቢያደርጉት ወጪው የወረቀት ብቻ ነው።

ገዢውም የራሱ ድርሻ አለው። መኪና የሚታየው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው፤ ኮፈኑ ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ያጠራጥራል፤ ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ እንደተቀላቀለበት ይናገራል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳከር፣ መኪናው ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። ገዢው የራሱን መካኒክ ይዞ ይሂድ፤ ለመካኒኩ የሚከፈለው የአንድ ቀን አበል ከአንድ ኖዝል ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ማኅበራት ደግሞ ያላቸውን ካፒታል በሙሉ ለግዢው ማዋል የለባቸውም። ካፒታሉን አሟጦ የገዛ ማኅበር መኪናው በመጀመሪያው ወር ሲቆም ምርቱን የሚያነሳበትም፣ መኪናውን የሚያስጠግንበትም ያጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። ከመግዣው ዋጋ ላይ ቺንጋውን፣ ዘይቱን፣ ጎማውንና ፍሬኑን ወዲያው ለመለወጥ የሚበቃ ገንዘብ ተቀንሶ ይቀመጥ፤ በየጭነቱም ለጥገና ጥቂት ብር ይቆረጥ። የወረዳ ግብርናና የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች የማኅበራትን የግዢ ዕቅድ ሲያዩ የመኪናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ይህን መጠባበቂያ ገንዘብና የመካኒኩን የምርመራ ውጤት ቢጠይቁ ለአባላቱ ትልቅ ውለታ ይሆናል። ያገለገለ መኪና እውነተኛ ዋጋው ለሻጩ የተከፈለው ገንዘብና ሻጩ ሳይጠግነው ያሳለፈው ብልሽት ተደምረው ነው። ሁለተኛውን ገዢው ከመክፈሉ በፊት የማወቅ መብት ሊኖረው ይገባል።