የክረምቱን ጠባይ ከሳምንታት በፊት ማወቅና የገበሬ ማኅበራት ኃላፊነት

መቀሌ፤ በእንደርታም ሆነ በሕንጣሎ፣ በወጀራትም ሆነ በክልተ አውላዕሎ፣ ሰኔ ሲገባ በየመንደሩ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም «ዘሩን አሁን እንዝራ ወይስ እንቆይ?» የሚል ነው። እንደሚታወቀው ሁሉ በመቀሌ ዙሪያ ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህም በሰኔ መጨረሻ ካፊያ ተማምኖ የተዘራ እህል ሁለት ሳምንት ዝናብ ቢቋረጥበት ቡቃያው ይደርቃል፤ ገበሬውም ዘር ተበድሮ ዳግመኛ ለመዝራት ይገደዳል። ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ቢያቆም ደግሞ እህሉ ፍሬ ሳይቋጥር ይቀራል። በሌላ ጊዜም ከባድ ዝናብ በጥቂት ቀናት ወርዶ እርከኑን ንዶ፣ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ሁለት ዓይነት ትንበያ ሲሠራበት ቆይቷል። አንደኛው የነገንና የሳምንቱን የአየር ጠባይ የሚናገር ሲሆን፣ ሁለተኛው መላውን ክረምት በጥቅሉ የሚመለከት ነው። ለገበሬው ውሳኔ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ያለው ጊዜ ነው። የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ዘር ለመለወጥ አይበቃም፤ የአራት ወር ትንበያም ዝናቡ በየትኛው ሳምንት እንደሚቋረጥ አይናገርም።

ጥናቱ ከምን ደርሷል?

አሜሪካዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1955 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በአየር ልኬታ ላይ የሚፈጠር ጥቂት ስሕተት ቀን በጨመረ ቁጥር እየሰፋ ሄዶ ትንበያውን እንደሚያበላሸው አሳየ። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጥናቶችም የየዕለቱን የአየር ጠባይ ከሁለት ሳምንት አሳልፎ በትክክል መናገር እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ ዕለቱን መናገር ባይቻልም፣ መጪዎቹ ሳምንታት ወደ እርጥበት ወይም ወደ ድርቀት ያዘነበሉ መሆናቸውን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ።

ከእነዚህ ምልክቶች ዋነኛው ሮላንድ ማደንና ፖል ጁልያን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 ዓ.ም. ያስታወቁት የደመናና የዝናብ ማዕበል ነው። ይህ ማዕበል ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ከ30 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ምድርን ይዞራል። በሚያልፍበትም ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካን ዝናብ አንድ ጊዜ ያጠናክራል፣ ሌላ ጊዜ ያዳክማል። የባሕር ሙቀትና የአፈር እርጥበትም ቀስ ብለው የሚለወጡ በመሆናቸው ለሳምንታት ትንበያ መነሻ ይሆናሉ።

በዓለም ሜቴዎሮሎጂ ድርጅት የምርምር መርሐ ግብሮች ሥር ከ2006 እስከ 2016 ዓ.ም. በተካሄደው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት፣ ከዐሥር በላይ የሆኑ የትንበያ ማእከሎች እስከ 60 ቀን የሚደርስ ትንበያቸውን በአንድ ቋት አሰባስበው አነጻጽረዋል። ወደ ተግባርም የተሸጋገረ አለ። በ2017 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት 38 ሚሊዮን ለሚሆኑ ገበሬዎች የክረምቱን ዝናብ መግቢያ እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ በስልክ መልእክት አስታውቋል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ከገባ በኋላ ለሳምንታት ተገትቶ ስለ ነበር፣ መልእክቱ የደረሰው ገበሬ በመጀመሪያው ዝናብ ከመቸኰል የሚድንበት ዕድል አገኘ።

በአገራችን ያለው ልምድ

በአገራችን የሜቴዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ነው። የወቅት ትንበያ መስጠት የጀመረውም ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ በ1979 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ ሥራው የሚከናወነው በኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ከ1991 እስከ 2003 ዓ.ም. የተሰጡትን የወቅት ትንበያዎች የመረመረ ጥናት፣ ትንበያው በመጠኑ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ድርቅ በሆነባቸው ዓመታት ግን ደካማ እንደ ነበር አመልክቷል። ይህም ማለት ማስጠንቀቂያው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ዓመት ይበልጥ ይሳሳታል ማለት ነው።

ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በ2007 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ክረምቱ በመክሸፉ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በትግራይ ብዙ ወረዳዎች ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ወጣ። ያን ጊዜ ገበሬው በጦርነቱ በሬውንና ዘሩን አጥቶ ገና ያላገገመ ስለ ነበር ጉዳቱ ድርብ ሆነ። በጦርነቱ ዓመታት ስልክና ባንክ ተቋርጠው እንደ ነበርም አይዘነጋም። መልእክት የሚያልፍበት መንገድ ሲዘጋ የቱንም ያህል የሠመረ ትንበያ ለገበሬው እንደሌለ ይቆጠራል።

ትንበያው ቢሳሳትስ?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። የሳምንታት ትንበያ ቁርጥ ያለ ቃል አይደለም። «ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ ይደርቃል» ሲል፣ 4 ጊዜ ሊዘንብ እንደሚችል መናገሩ ነው። በረዶ የትኛውን ማሳ እንደሚመታም ከሳምንታት በፊት ሊናገር አይችልም። እንግዲህ አንድ ድኻ ገበሬ ትንበያውን አምኖ ዘሩን ሁሉ ቢለውጥና ዝናቡ ጥሩ ቢሆን፣ ዕዳው በእርሱ ብቻ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በሚቀጥለው ዓመትም ማንንም አያምንም።

የትግራይ ገበሬ ግን በዚህ ረገድ እንግዳ አይደለም። ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ሐንፈጽ የሚዘራው ዝናብ ሲያጥር ገብሱ እንዲተርፍለት፣ ዝናብ ሲበረክት ስንዴውም እንዲያፈራለት ነው። ሁሉን በአንድ ዕድል ላይ አለመጣል ማለት ይኸው ነው። ዓዲ ሓ በምትባለው የትግራይ መንደርም በ2001 ዓ.ም. 200 ቤተሰቦች የጤፍ ሰብላቸውን ከዝናብ እጥረት መድን አስገብተዋል፤ ገንዘብ የሌላቸውም ዓረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ ተደርጎ ነበር። መድን ከጥፋት በኋላ ይክሳል፤ ትንበያ ከጥፋት በፊት ያነቃል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

የማኅበራቱ ድርሻ

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ተግባራቸውን በሁለት ከፍለው ቢያዩት ይበጃል። አንደኛው ትንበያው ቢሳሳትም የማያከስር ሥራ ነው፤ ይኸውም የውኃ መውረጃ መጥረግ፣ እርከን መጠገን፣ ኩሬ ማጽዳት ነው። ለዚህ ጥቂት ምልክትም ቢሆን ይበቃል፤ ሕዝቡን ወዲያው መቀስቀስ ይገባል። ሁለተኛው ቢሳሳት የሚያከስር ሥራ ነው፤ ይኸውም ዘር መለወጥ ወይም መዝሪያን ማዘግየት ነው። ይህን ማሳን ከፍሎ በከፊል ማድረግ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ አይመከርም።

ከዚህም ሌላ ማኅበሩ ቶሎ የሚደርስ የገብስና የጤፍ ዘር በጋራ ጎተራ ቢያስቀምጥ፣ የመጀመሪያው ዘር የደረቀበት አባል አራጣ አበዳሪ ደጅ አይጠናም። የዝናብ መለኪያ ተክሎ በየቀኑ የሚመዘግብ አንድ ሰው ቢመድብም ትንበያው በአካባቢው ስንት ጊዜ እንደ ሠመረና ስንት ጊዜ እንደ ሳተ ራሱ ያውቃል። ትንበያ ሲመጣም ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ለየትኛው ሳምንት ነው? ከ10 ስንት ጊዜ? ለየትኛው ወረዳ?

ሳይንሱ ገና በጉዞ ላይ ነው፤ ነገር ግን ባዶ እጁን አይደለም። የሳምንታቱ ወሬ ከኮምፒዩተር ተነሥቶ እማሳው ድንበር ሲደርስ የሚቀበለው የተዘጋጀ ማኅበር ካለ፣ አንድ የደረቀ ሳምንት አንድ ሙሉ ዓመት አይበላም። ከሌለ ግን ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀራል።