የልጅ ልጅ ሲወለድ መሬቱ አይሰፋም

በአገራችን ገጠር የልጅ ልጅ መወለድ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ደስታ ነው። እልልታው ይሰማል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ወደ አራሷ ይገባል። ክርስቲያን ቤተሰብ ከሆነ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። አያትም አቅማቸው እንደፈቀደ አንዲት ጥጃ ወይም ግልገል፣ ካልሆነም አንዲት ቄብ ዶሮ መርጠው «ይህቺ ለልጅ ልጄ ትሁን» ይላሉ።

ይሁን እንጂ እንግዳው ተሸኝቶ አያትና አባት ምድጃ ዳር ሲቀመጡ ከሁለቱም ልብ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህ ልጅ ሲያድግ የሚያርሰው የቱን ነው?» የሚል ነው። የዚህ ሐተታ ዓላማም ይህንኑ ጥያቄ መመርመርና የገበሬ ማኅበር መሪዎች በበኩላቸው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ማመልከት ነው። የገበሬ ማኅበር ስንል ዛሬ በሕግ የቀበሌ አስተዳደር የሚባለውን፣ ነገር ግን በብዙ የገጠር አካባቢ በዱሮ ስሙ መጠራቱን ያልተወውን ማለታችን ነው።

ጥያቄው ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው ከ1967 ዓ.ም. በፊት በጎጃም፣ በበጌምድርና በመሳሰሉት የሰሜን አካባቢዎች የመሬት ይዞታ በአብዛኛው በርስት ላይ የተመሠረተ ነበር። አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ከአቅኚው አባት መወለዱን ካስረዳ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ የልጅ ልጅ በተወለደ ቁጥር የነገ የርስት ክርክርም አብሮ ይወለድ ነበር ማለት ይቻላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህንን ሥርዓት ሽሮ መሬትን የሕዝብ ንብረት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ቢያንስ 800 ሄክታር ስፋት ባለው አካባቢም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። ማኅበሩ መሬት አከፋፋይ ስለነበረ አዲስ ጎጆ የወጣ ወጣት ሁሉ ፊቱን ወደ ማኅበሩ ያዞር ነበር። የቤተሰብ ቁጥር ሲለዋወጥ ሽግሽግ ይደረጋል የሚል ተስፋም ነበር።

በአማራ ክልል በብዙ አካባቢዎች የመጨረሻው ሰፊ ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ይዞታ እየተመዘገበ የማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ እንዲይዝ መደረጉ ለሴቶች መብት ትልቅ እርምጃ ነው። ገበሬውም መሬቴ ነገ ይወሰድብኛል ከሚል ስጋት ተንፈስ ብሏል። ነገር ግን ደብተሩ የያዘውን ያጸናለታል እንጂ ላልያዘው አይሰጠውም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። በ1989 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጋ ጎልማሳ ነው። ብዙዎቹ ትዳር ይዘዋል፤ ወልደዋል። እንግዲህ ዛሬ ክርስትና የሚነሳው ሕፃን፣ አባቱ ራሱ ከሽግሽግ ድርሻ ያልደረሰው ሕፃን ነው። የዱሮው አያት የልጃቸውን ልጅ ለማኅበሩ ተስፋ ይሰጡት ነበር። የዛሬው አያት ግን ከራሳቸው ማሳ በቀር የሚያሳዩት የላቸውም።

የሕዝቡም ቁጥር እንደዚያው ነው። በ1976 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ከ42 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ከ53 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ባይካሄድም የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ120 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። የእርሻው መሬት ግን በዚህ መጠን አልሰፋም።

አራት ጥማድ ለስንት ሰው?

ለአብነት ያህል አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ መሬት ያላቸውን ባልና ሚስት እንውሰድ። ሦስት ልጆች አሏቸው እንበል። ወላጆቹ አንዱን ጥማድ ለመጦሪያቸው አስቀርተው ለእያንዳንዱ ልጅ በመቋቋሚያ አንድ አንድ ጥማድ ይሰጣሉ። ሦስቱም ልጆች ሦስት ሦስት ቢወልዱ የልጅ ልጆቹ ዘጠኝ ይሆናሉ። አያቶቹ ካለፉ በኋላ የእነርሱም ጥማድ ተጨምሮ ሄክታሩ ለዘጠኝ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 1,111 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ይህም ከግማሽ ጥማድ ያነሰ ነው።

ሦስት ልጅ ማለታችንም ቀንሰን ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በገጠር አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.2 ልጆች ስትወልድ፣ በከተማ ግን 2.3 ነበር።

ጉዳቱ መሬቱ በማነሱ ብቻ አያበቃም። ማሳ በተቆራረጠ ቁጥር ድንበር ይበዛል። ድንበሩ መሬት ይበላል፤ በጎረቤትና በወንድማማች መካከል ጠብ ያስነሳል። በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ጥንድ በሬ ማቆየት አያዋጣምና ወጣቱ መሬቱን ለሌላ በእኩል ሰጥቶ ራሱ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። እርከን የመሥራትና ኮምፖስት የማዘጋጀት ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የማዳበሪያ ዋጋ በናረበት ጊዜ ይህ መዘናጋት ምን ያህል እንደሚጎዳ ገበሬው ራሱ ያውቀዋል።

የየክልሉ የመሬት ሕግ አንድ ማሳ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ዝቅተኛ መጠን ያስቀምጣል። ዳሩ ግን ቤተሰቡ በሕግ ያልፈቀዱለትን በቃል ያደርገዋል። አባት ለልጁ «ከዛፏ ወዲያ ያለውን እረስ» ይለዋል። ወረቀት የለም፤ ምስክሩም ዛፏ ናት። አባት ሲሞቱ ወይም ዛፏ ስትቆረጥ ነገሩ ወደ ሽማግሌ፣ ከሽማግሌም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ከጌዴኦና ከአዊ የሚገኘው ትምህርት

መሬትን ማስፋት ካልተቻለ የሚቀረው ያለውን አብዝቶ መጠቀም ነው። ለዚህም ከአገራችን ሁለት ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል።

የመጀመሪያው የጌዴኦ ነው። የጌዴኦ ዞን በአገሪቱ የሕዝብ ጥግግት እጅግ ከበዛባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። የቤተሰቡ ይዞታ አነስተኛ ይሁን እንጂ ገበሬው መሬቱን ፎቅ በፎቅ ይጠቀምበታል። ከላይ ትላልቅ ጥላ ዛፎች አሉ። ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ ከዚያም በታች ሌላው አትክልት ይበቅላል። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ እንሰቱ ዓመት ሙሉ ቤት ይመግባል፤ ዛፉ አፈሩን ይይዛል። ይህ አሠራር የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ለመመዝገብ አብቅቶታል። ዋናው ቁም ነገር ግን ከምዝገባው በፊት የነበረው ነው። ይኸውም አያት የተከሉትን ዛፍ የልጅ ልጅ የሚጠለልበት፣ አንዱ ትውልድ ለሌላው የሚተክልበት ልማድ መኖሩ ነው።

በእርግጥ የጎጃም ወይም የወሎ ገበሬ የጌዴኦን ዝናብና የጌዴኦን ቡና አያገኝም። ስለዚህ ሁለተኛውን ምሳሌ ከአዊ ዞን ከፋግታ ለኮማ ወረዳ እንውሰድ። በዚያ አካባቢ አፈሩ አሲድ በዝቶበት፣ ምርቱም ቀንሶ ነበር። ገበሬዎቹ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ችግኝ ከጤፍ ጋር አብረው መትከል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳሉ። ቀጥሎ በችግኙ መካከል ሣር ያበቅላሉ። ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ መሬቱንም መልሰው ያርሱታል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ገበያ አገኘ። አርሶ የማይበላበት የነበረ መሬት የገንዘብ ምንጭ ሆነ፤ ለወጣቶችም ሥራ ተፈጠረ።

ነገር ግን የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽታም ሊነገር ይገባል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ በዲከረንሱ ላይ ገብቶ ብዙ ተክል አጥፍቷል። ሁሉን ነገራቸውን በአንድ ዛፍ ላይ የጣሉ ቤተሰቦች ክፉኛ ተጎድተዋል። ከሁለቱ ምሳሌዎች ሲታይ ጌዴኦን ያቆየው ብዙ ዓይነት ተክል በአንድ ላይ መኖሩ ሲሆን፣ የአዊን ገበሬ የጎዳው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ማንኛውም የጓሮ ፕሮጀክት በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይገባል።

ፕሮጀክቱን የሚሠራው ማን ነው?

ዶሮ ማርባት፣ ንብ ማነብ፣ በግ ማድለብ፣ አትክልትና ፍራፍሬ መትከል ብዙ ቦታ የማይጠይቁ በመሆናቸው ለአነስተኛ ይዞታ ተስማሚ ናቸው። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ የተሻሻለችው በሚገባ ከተመገበችና ከተጠበቀች ከ150 በላይ ትጥላለች። ከባህላዊ ቀፎ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር የሚቆርጥ ገበሬ ከዘመናዊው ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሊያገኝ ይችላል።

ቁጥሩ ጥሩ ነው። ሆኖም ዶሮዎቹ ለፈንግል ክትባት ካላገኙ በአንድ ሳምንት ያልቃሉ። ቀፎውም በአካባቢው አበባ ከሌለ ባዶ ሣጥን ነው። መንገድ በሚዘጋበትና ሰላም በሚጠፋበት ወቅት ደግሞ እንቁላሉም አትክልቱም ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሳይታይ የሚታለፈው ጉዳይ የሥራው ክፍፍል ነው። የጓሮ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶች ላይ፣ ያውም በአራሷ ምራት ላይ ነው። ሕፃን ታጠባለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ እንጀራ ትጋግራለች። በዚህ ላይ ሃያ ዶሮና የጎመን መደብ ሲጨመርባት ፕሮጀክቱ ለእርሷ ልማት ሳይሆን ተጨማሪ ሸክም ነው። የእንቁላሉን ገንዘብ የሚይዘው ሌላ ከሆነ ደግሞ ድካሟ እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ አያት ሕፃኑን ሲይዙላት፣ አማት ከጓሮው ሥራ ሲካፈሉ፣ ባልም ውኃ በአህያ ሲያመጣ ሥራው ይቃናል። አያቶች በዚህ ቤት ጧሪ የሚፈልጉ ብቻ ሳይሆኑ የሥራው ተካፋይ ናቸው። ገንዘቡም በሠራው እጅ ሲገባ ፕሮጀክቱ ዕድሜ ያገኛል።

ለመሪዎች የሚቀርብ አሳብ

አንደኛ፣ የቃል ስጦታን ልማድ መግታት ያስፈልጋል። መሪው በሠርግና በክርስትና ላይ መገኘቱ አይቀርምና መሬት «ሰጠሁ» ሲባል ሲሰማ ነገሩ በደንቡ እንዲመዘገብ መምከር አለበት። ወላጆችም ያላቸውን ሁሉ አውርሰው ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ፣ የመጦሪያ ድርሻቸውን በስማቸው እንዲያቆዩ ማስገንዘብ ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ መሬቱ ከመከፈሉ በፊት ሴት ልጆችና ምራቶች ጭምር የተገኙበት የቤተሰብ ምክክር ቢለመድ መልካም ነው። ማሳውን ሳይቆራርጡ አብሮ አርሶ ምርቱን መካፈል ይቻላል። ወይም አንዱ መሬቱን ይዞ ለሌሎቹ በትምህርትና በሙያ ሊክሳቸው ይችላል። ሴት ልጅ «ታገባለች» ተብላ ከምክክሩ ከቀረች ግን የተደረሰበት ስምምነት ውሎ አድሮ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ተራቁቶ ተከልሎ ያገገመው የጋራ ተራራ ለሣር አጨዳና ለንብ ማነብ ሲሰጥ፣ መሬት ያልደረሳቸው ባለትዳር ወጣቶች ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል። ድርሻው ለመሪው ዘመድ የሚሄድ ከሆነ ግን ተራራው ተመልሶ ይራቆታል፤ ማንም አይጠብቀውምና።

አራተኛ፣ ጫጩት ወይም ቀፎ ከመታደሉ በፊት ክትባቱ፣ መኖውና ገበያው መኖሩ ይጠየቅ። ስንት ቤት እንደታደለ ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ ስንት ቤት ውስጥ እንደቀረ የሚገልጽ ሪፖርት ይቅረብ።

አምስተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው በይዞታ መብቱ ብድር እንዲያገኝ በር ከፍቷል። ይህ ለፕሮጀክት ትልቅ አቅም ነው። ብድሩ ለድግስ ከዋለ ግን ዕዳው የሚያርፈው ገና ባልጠነከረው ሕፃን ላይ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ተመካክረው፣ ገንዘቡ የሚሠራበትን ለይተው እንዲበደሩ ማስረዳት የመሪው ኃላፊነት ነው።

ስድስተኛ፣ ልጅን አራርቆ የመውለድ ጉዳይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ብቻ የሚተው አይደለም። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ሆኖም የመሬቱን ሒሳብ ለአባወራው ከጎረቤቱና ከመሪው በተሻለ ሊያስረዳው የሚችል የለም። ሥራውን ለባልና ለሚስት በማሳው ላይ ቆሞ ማስላት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

በመጨረሻም ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። «ይህ ልጅ ሲያድግ የሚያርሰው የቱን ነው?» ምናልባት ጨርሶ አያርስም ይሆናል። ተምሮ ወይም ሙያ ይዞ ሌላ ኑሮ ይኖር ይሆናል። ሆነም ቀረ አያቱ ዛሬ ማሳውን ሳይቆራርጡ ቢያቆዩት፣ በድንበሩ ላይ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ቢተክሉለት፣ የተሰየመችለትም ቄብ ዶሮ ክትባቷን ብታገኝ፣ ልጁ ለመቆየትም ለመሄድም ምርጫ ይኖረዋል። ምርጫ አጥቶ የሚወጣ ወጣት ከሚበዛበት መንደር ደግሞ አያቶችም ያለ ጧሪ ይቀራሉ። ስለዚህ የልጅ ልጅ በተወለደበት ቤት እልልታውን አብሮ የሚያሰማ መሪ ሁሉ ከእልልታው በኋላ ያለውንም ምክክር አብሮ እንዲቀመጥበት ያስፈልጋል።