የቤት እመቤት የእርጅና ስንቅ

እሑድ በቦሌ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ተፈጽሞ ምእመናን ወደ ገርጂ፥ ወደ ሰሚትና ወደ አያት ሲበተኑ፥ ነጠላቸውን ከተከናነቡት እናቶች መካከል ዕድሜአቸውን ሙሉ በቤታቸው ሲደክሙ ኖረው ደመወዝ በስማቸው ተጽፎ የማያውቅ ብዙዎች ናቸው። ልጅ አሳድገዋል፤ አማት ጦረዋል፤ እንግዳ ተቀብለዋል። እኒህ እናቶች ጕልበታቸው ሲደክም በምን ይተዳደራሉ? በዚህ ወር ይህን ልናነሣ ወደድን።

የአገራችን የጡረታ ሕግ ከደመወዝ ጋር የተሳሰረ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መብት የሰጠው በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 715 ሲሆን፥ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1268 ተተክቷል። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪው ከመቶ 11 እጅ ያዋጣሉ። ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤት ግን ከዚህ መዝገብ የምትገባው በባሏ በኩል ነው። ባለጡረታው ባል ቢሞት ሚስት የአበሉን ግማሽ ታገኛለች፤ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅም ከመቶ 20 እጅ ይታሰብለታል። እንግዲህ የባል አበል በወር 6,000 ብር ቢሆን ለመበለቲቱ የሚደርሳት 3,000 ብር ነው።

ይህም ግማሽ የሚገኘው ሚስትነት በማስረጃ ሲጸና ነው። ከመካከላችን በተክሊልና በቍርባን ተጋብተው፥ ቃል ኪዳናችን በእግዚአብሔር ፊት ጸንቷል ሲሉ ጋብቻቸውን በወረዳው የወሳኝ ኵነት ጽሕፈት ቤት ሳያስመዘግቡ የቀሩ አሉ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን ጋብቻ ያከብራል፤ ይመዘገብ ዘንድም ይፈልጋል። የምስክር ወረቀት የሌላት መበለት ግን ሐዘኗ ሳይወጣላት ምስክር ይዛ የፍርድ ቤት ደጅ ትጠናለች።

ደግሞም በጡረታው ግማሽ ብቻ መታመን አይገባም። ዕድር በክብር ይቀብራል፤ ከአርባው በኋላ ያለውን የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። ዕቁብም መልካም ነው፤ ዕጣው ሲወጣ ለልብስና ለድግስ ከዋለ ግን ለእርጅና አይተርፍም። ስለዚህ ባልና ሚስት በየወሩ ጥቂት ቈርጠው በሚስት ስም ወይም በሁለቱ ስም ባንክ ቢያኖሩ ይበጃል፤ የገንዘብ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀንስም በዓመት በዓመት መጠኑን ከፍ ያድርጉ። ይህ የባል ችሮታ አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ መሆኑን ሕጉ ራሱ ይናገራልና።

ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙት የመበለታት የዕለት ምግብ ቸል በመባሉ ነበረ። እነርሱ ለባዕዳን መበለታት እንዲህ ካሰቡ፥ እኛ ለገዛ ሚስቶቻችን ምንኛ ልናስብ ይገባናል! እንግዲህ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ባልና ሚስት ተቀምጠው የጋብቻ ወረቀታቸውንና የጡረታ መለያ ቍጥራቸውን ይፈልጉ፤ ወረቀቱ ከሌለ ሰኞን አይለፉ። ልዑል እግዚአብሔር ትዳራችሁን ይባርክ።