«ጃጁ» ከማለታችን በፊት

ኮተቤም ሆነ ሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር፣ አዛውንት መርሳት ሲጀምሩ የቤተሰቡ ፍርድ አንድ ነው፦ «ጃጁ»። ቃሉ ሐዘኔታ ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን ከተነገረ በኋላ ሐኪም ጋ እንሂድ የሚል ሰው አይገኝም። ከመርሳቱ ጀርባ ግን የሚታከም ድባቴ ሊኖር ይችላል። በአዛውንት ላይ ድባቴ ሁልጊዜ በእንባ አይታይም፤ ምግብ መቀነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁርጥማትና ዝምታ ሆኖም ይመጣል። ሐሳብ የያዘው ሰው የሰማውን ልብ አይልም፤ ልብ ያላለውን ደግሞ አያስታውስም።

ሐኪም ድባቴንና የመርሳት በሽታን የሚለይባቸው ፍንጮች አሉ። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት ቀስ እያለ ይገባል፤ ድባቴ የሚያመጣው መርሳት ግን በሳምንታትና በወራት ጎልቶ ይወጣል። በድባቴ የተያዙት ስለ መርሳታቸው ያማርራሉ፣ ሲጠየቁም «እኔ እንጃ» ይላሉ፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ግን ብዙ ጊዜ ስሕተታቸውን ሊሸፍኑ ይሞክራሉ። ምርመራውም አገሩን ማወቅ አለበት። ቀኑን የተጠየቁ እናት በወሩ 12ኛ ቀን «ዛሬ ሚካኤል ነው» ካሉ በትክክል መልሰዋል። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ሰዓት መሣል ስላቃታቸው ብቻም አእምሯቸው ደክሟል አይባልም።

«ድባቴው ራሱ የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን በቅርብ ለመከታተል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን 14 አጋላጭ ምክንያቶችን በመቅረፍ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ድባቴ፣ ከሰው መነጠል፣ የመስማት መቀነስና የደም ግፊት ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ከዕድርና ከሰንበቴ የቀሩ አዛውንት ከእነዚህ ስንቱን እንደተሸከሙ ይታሰብ።

«ስፔሻሊስቱ ጥቂት ነው» የሚለውም እውነት ነው። ለመጠየቅ ግን ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ዚምባብዌ ውስጥ የሠለጠኑ አያቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ይረዳሉ። የጤና ጣቢያ ነርስም ግፊት ስትለካ «ሰሞኑን ሆድ ይብስዎታል? ይወዱት የነበረው ነገር አስጠልቶዎታል?» ብትል ጥቂት ደቂቃ ነው። በ2012 የኮሮና ሕሙማንን የተቀበለው የኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል፤ እንጦጦ ጸበል የሚወጡትም ጸበሉን ሳይተዉ ሊታከሙ ይችላሉ። እንግዲህ «ጃጁ» የሚለው ቃል አፋችን ላይ ሲመጣ መጀመሪያ እናስመርምራቸው።