ሳያስፈቅዱ ጥለት ፎቶ ማንሳት ይቁም!

ለአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ነዋሪዎች በሙሉ፤

ሐይቁን ፎቶ ያነሳ ይባረክ፤ ውሃው የጋራ ነው። የሸማኔው አዲስ ጥለትና የመሶብ ሰፊዋ አዲስ ሥራ ግን የላባቸው ፍሬ ነው። ጎብኚ ገብቶ፣ ሁሉንም በስልኩ ለቅሞ፣ አንዲት ነጠላ ሳይገዛ ሲወጣ ዝም የምንለው እስከ መቼ ነው?

«ፎቶው ምን ይጎዳል? ጨርቁ እንዳለ ነው» የሚሉ አሉ። አዎን፣ ጨርቁ ይቀራል፤ ገበያው ግን ይሄዳል! በእጅ የሚሸመነው ጥበብ በቻይና ፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ በርካሽ እየተሸጠ የሽሮ ሜዳን ሸማኔ እንጀራ እንደተሻማ አገር ያየው ነው።

ከአያቶቻችን የመጣው ጥለት የሁላችን ነው፤ ማንም ይሥራው። አዲስ የፈጠረን ግን ሕግ ያውቀዋል፦ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ንድፉን ላስመዘገበ ለ5 ዓመት፣ እየታደሰም እስከ 15 ዓመት ከለላ ይሰጣል። ፎቶው ቀድሞ ተሰራጭቶ ከከረመ ግን «አዲስ ነው» ብሎ ማስመዝገብ ያስቸግራል።

ስለዚህ አስጎብኚ ልጆቻችን፣ እንግዶችን «አስቀድመው ያስፈቅዱ» በሏቸው። ባለሙያዎችም ያልተመዘገበ አዲስ ሥራ ደጅ አትስቀሉ።

እንግዳ ይከበራል፤ የእጅ ሥራም ይከበር!